አንጋፋ ብስክሌተኛ የትኛውን ውድድር ይምረጥ?

የፕሮፌሽናል ብስክሌት ዓመት ረጅም ነው። በፈረንጆቹ ጥር አውስትራሊያ ላይ ይጀምራል፣ ዋና ዋናው ውድድር የሚያበቃው ጥቅምት ላይ ጣሊያን ውስጥ በሎምባርዲያ ነው። በመሃል የአንድ ቀን ውድድር አለ፣ የአንድ ሳምንት አለ፣ ሦስት ሳምንት የሚፈጁት ሦስቱ ትልልቅ ዙሮችም አሉ። ጂሮ ዲ ኢታሊያ በግንቦት፣ ቱር ዴ ፍራንስ በሐምሌ፣ የስፔኑ ቩኤልታ ከነሐሴ እስከ መስከረም። ሁሉንም የሚችል የለም። አንድ ጋላቢ በዓመት ከ60 እስከ 80 ቀን ገደማ ይወዳደራል። የትኞቹን ቀናት? ዕድሜው 34፣ 35፣ 37 ለደረሰ ሰው ይሄ ጥያቄ ከልምምዱ እኩል ይከብዳል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንጋፋ ጋላቢ በዓመት አንድ ዋና ግብ ይያዝ። ግቡን ሲመርጥ ደግሞ ከውድድሩ ስም በፊት የማሸነፍ ዕድሉን ይይ። ትልቁ ውድድርና ሊያሸንፈው የሚችለው ውድድር አንድ ከሆኑለት እሰየው። ብዙ ጊዜ ግን አንድ አይሆኑም።

መጀመሪያ ስለ ሰውነት። ዕድሜ ሲገፋ ልብ በከባድ ጥረት ጊዜ የሚደርስበት ከፍተኛ ምት ይቀንሳል፣ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ድንገት የመፈትለክ ጉልበትም እንደ ድሮው አይሆንም። ይሄ ግን ባንድ ጀምበር የሚመጣ አይደለም። ለረጅም ሰዓት ጠንክሮ የመሄድ አቅም ለዓመታት ይቆያል፤ በዚያ ላይ ደግሞ የዓመታት ልምድ አለ፤ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ ወደ ፊት መጠጋት እንዳለበት፣ መቼ ዝም ብሎ መደበቅ እንደሚያዋጣ ያውቃል። በደንብ የሚለወጠው ማገገም ነው። የ23 ዓመቱ ልጅ ትናንት ተራራ ላይ ሲሰቃይ ውሎ ዛሬ ጠዋት ምንም እንዳልነካው ቁርሱን ይበላል። የ36 ዓመቱ ያንኑ ተራራ ምናልባት በእኩል ሰዓት ይወጣዋል፣ እግሩ የሚመለስለት ግን ከነገ ወዲያ ነው። ሲወድቅም፣ ሲታመምም እንደዚያው ነው፤ የሚከፍለው ቀን ይበዛል።

ስለዚህ በዓመት አንዴ ከወጣቱ እኩል ጫፍ ላይ መድረስ ይችላል። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ነው የሚያቅተው።

እኛ ይሄን ከሩጫ እናውቀዋለን። ቀነኒሳ በቀለ በትራክ ዘመኑ ቤጂንግ 2008 ላይም በርሊን 2009 ላይም 5 ሺህና 10 ሺህ ሁለቱንም ሮጦ ሁለቱንም ወርቅ ወስዷል። በ2024 ሚያዝያ ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ 2ኛ ሲወጣ ግን በዓመት አንድ ሁለት ማራቶን ብቻ የሚሮጥ ሰው ሆኖ ነበር። ብስክሌተኛ እስከዚያ ድረስ ማሳነስ አይችልም። በልምምድ ብቻ የውድድር እግር አይገኝም፤ መወዳደር አለበት። ችግሩም እዚህ ጋ ነው የሚወሳሰበው፤ ቢያበዛ ይደክማል፣ ቢያሳንስ ይደንዛል።

ብስክሌተኞች ፎርም የሚሉትን ነገር ካልተረዳን የቀረው አይገባንም። ፎርም ማለት ሁሉም ነገር የተገጣጠመበት ጊዜ ነው፤ ክብደት፣ ጉልበት፣ ትኩስ እግር፣ እንቅልፍ፣ ጭንቅላት። በደንብ ከተሠራ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ፈለግህም አልፈለግህም ይወርዳል። ለመሥራት ደግሞ ወራት ይፈጃል። በተለምዶ ከዋናው ውድድር በፊት ሦስት ሳምንት ገደማ ከፍታ ቦታ ላይ ይከርማሉ፤ ቴነሪፍ ደሴት ላይ ያለው ቴይዴ፣ ደቡብ ስፔን ያለው ሲየራ ኔቫዳ፣ ጣሊያን ውስጥ ሊቪኞ። 2,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ያሉ የመኝታና የልምምድ ቦታዎችን ነው የሚፈልጉት። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚተነፍሰውን አየር እነሱ ሆቴል ተከራይተው ይፈልጉታል። ከዚያ ይወርዱና አንድ ሳምንታዊ ውድድር ይወዳደራሉ፣ ከዚያ ልምምድ ቀንሰው ያርፋሉ፣ ከዚያ ወደ ዋናው። ይሄ ሁሉ ሲደመር ሁለት ወር ነው። በዚያ ላይ ቤተሰብ አለ፤ አንጋፋው ብዙ ጊዜ ልጆች ያሉት አባት ነው፣ ተራራ ላይ ብቻውን የሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሳምንት ከ22 ዓመቱ ላጤ ይልቅ ለሱ ይከብዳል። አንድ ዓመት እንዲህ ያለውን ዝግጅት ሁለቴ ቢይዝ ነው።

ስለዚህ ካሌንደሩ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚጻፈው። ግቡ ያለበት ቀን ይከበባል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳምንት እየተቆጠረ ይመጣል፤ ማረፊያው፣ መለማመጃ ውድድሩ፣ ከፍታው፣ ከሱ በፊት ያለው እረፍት። በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ነው ሌላው የሚገባው። ከጥር ጀምሮ ያገኘውን እየሞላ የሚመጣ ሰው ሐምሌ ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ ሮግሊች እንምጣ፤ ለዚህ ጉዳይ ከሱ የተሻለ ምሳሌ የለም። ፕሪሞዥ ሮግሊች ስሎቬኒያዊ ነው፣ በ1989 ተወለደ፣ በበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ጀምሮ ዘግይቶ ነው ወደ ብስክሌት የመጣው። ቱር ዴ ፍራንስን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ2020 አንድ ቀን ሲቀረው፣ ላ ፕላንሽ ደ ቤል ፊይ ተራራ ላይ በሚያልቀው ክሮኖ ሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ቀን፣ 57 ሰከንድ ይዞ ተነስቶ የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለአገሩ ልጅ ለታዴይ ፖጋቻር አስረከበ። በ2021 ወድቆ አቋረጠ። በ2022 ወድቆ አቋረጠ። በ2024 ወድቆ አቋረጠ።

በሌላ በኩል ቩኤልታን ተመልከቱ። 2019፣ 2020፣ 2021፣ 2024። አራት ጊዜ! ከሮቤርቶ ኤራስ ጋር ክብረ ወሰኑን ይጋራል። በ2023 ደግሞ ጂሮን ወሰደ። ያው ሰው ነው፣ ያው እግር ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?

ቱር ላይ ሁሉም ጫፍ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከ170 በላይ ሰው ለአንዲት ጠባብ መታጠፊያ ፊት ለመሆን ይጋፋል፤ ስፕሪንተሩም (ሜዳ ላይ መጨረሻ ላይ የሚፈተለከው)፣ ተራራ ወጪውም፣ የሁለቱም ረዳቶችም እዚያው ናቸው። መውደቅ የሚበዛው ለዚህ ነው። ቩኤልታ ሲደርስ ግን ዓመቱ አርጅቷል። ግማሹ ደክሞ ይመጣል፣ ግማሹ ከቱር ወድቆ አገግሞ ይመጣል፣ ለሱ ብሎ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀው ጥቂት ነው። ሩጫው ያን ያህል ነርቭ የበዛበት አይደለም። አጫጭርና ቀጥ ያሉ ዳገቶቹ ለሮግሊች እንደ ልብስ የተለኩ ናቸው። በ2024 ይሄ በደንብ ታየ። ሐምሌ ላይ ቱርን ያቋረጠው የጀርባው አጥንት ላይ ጉዳት ደርሶበት ነው። ነሐሴ 17 ሊዝበን ላይ ቩኤልታ ሲጀመር ግን መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር። አውስትራሊያዊው ቤን ኦኮነር በ6ኛው ቀን ከሌሎቹ ተነጥሎ ሸሽቶ ሰፊ ልዩነት ሲወስድበት አልተደናገጠም፤ ቀን በቀን እየሸረፈ መጥቶ በ19ኛው ቀን ሞንካልቪዮ ላይ የመሪውን ቀይ ማሊያ ነጠቀው፣ ማድሪድ በ2 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ልዩነት ገባ። የሚያውቀው ውድድር ነው፣ መቼ መቸኮል እንደሌለበት ያውቃል። ይሄ በ25 ዓመት የሚገኝ ነገር አይደለም።

እና ዕድሜ ቱር ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት ታሪኩን ማየት ይበቃል። በዕድሜ ትልቁ የቱር አሸናፊ ቤልጂየማዊው ፊርሚን ላምቦ ነው፣ 36 ዓመቱ ነበር፣ ያውም በ1922። ካዴል ኢቫንስ በ2011 በ34 ዓመቱ ሲያሸንፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ትልቁ እሱ ሆነ። ቩኤልታን ግን ክሪስ ሆርነር በ2013 በ41 ዓመቱ አሸንፎታል። አንድ ውድድር ነው፣ አንዴ ነው የሆነው፣ ብዙ አይለጠጥም። ግን በሩ የት በኩል እንደሚከፈት ያሳያል።

ጂሮና ቱርን በአንድ ዓመት መደረብስ? እዚህ ላይ አንጋፋውን አጥብቄ እከለክለው ነበር። ሮግሊች በ2025 ሞከረው፤ ጂሮን በ16ኛው ቀን አቋረጠ፣ ቱርን 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ35 ዓመት ቱርን 8ኛ መጨረስ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሁለት ግብ ይዞ ከሁለቱም ዋንጫ ሳይነካ ዓመቱ አለፈ፣ ቩኤልታም አመለጠው። የዌልሱ ጄሬይንት ቶማስ በ2024 የተሻለ ጥበብ ነው ያሳየው። 38 ዓመት በሞላው ማግስት ጂሮን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከዚያ ቱርም ሄደ፣ የሄደው ግን ለቡድን ጓደኛው ለካርሎስ ሮድሪገዝ ረዳት ሆኖ ነው። አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለቡድኑ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ረዳት ሲሆኑ መጥፎ ቀን ሲመጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ቀስ ብሎ መግባት ይቻላል። ለዋንጫ የሚታገል ሰው ይሄ ዕድል የለውም፤ አንድ መጥፎ ከሰዓት ሦስቱን ሳምንት ይወስድበታል።

የቶማስን የ2023 ጂሮም እዩት። ከዚያ በፊት በዚያ ዓመት አንድም ውድድር አላሸነፈም። ያንን ጸደይ ያየ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። ግንቦት 25 ላይ 37 ሞላው፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሞንቴ ሉሳሪ ተራራ ላይ ክሮኖ ሜትሩን ሲጀምር 26 ሰከንድ እየመራ ነበር። ሮግሊች ዳገቱ ላይ ሰንሰለቱ ወለቀበት፣ ወርዶ ተገፍቶ ቀጠለ፣ እንዲያም ሆኖ በልጦት 14 ሰከንድ ጨርሶ ወሰደው። ሁለት አንጋፋዎች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በ14 ሰከንድ። ቶማስ ተሸንፏል፣ ግን ዝግጅቱ ትክክል ነበር። በመጋቢት መሸነፍን ታግሶ ግንቦትን ጠበቀ። ብዙ ሰው ይሄን አይችልም። ውጤት ሲጠፋ ይደነግጥና ሌላ ውድድር ይጨምራል፣ ከዚያ ሌላ፤ በዚህ መሃል ማረፍ የነበረበትን ሳምንት ይበላዋል።

ግብ ማለት ሁሌ የሦስት ሳምንት ዋንጫ አይደለም። እንግሊዛዊው ስፕሪንተር ማርክ ካቬንዲሽ የፈለገው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ዙሩ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን የራሱ አሸናፊ አለውና። ቱር ላይ 34 ቀን አሸንፎ ከቀድሞው የቤልጂየም ኮከብ ከኤዲ መርክስ ጋር እኩል ነበር፤ 35ኛዋን ፈለገ። በ2023 ሊተው ወስኖ ነበር፤ ቱር ላይ በ8ኛው ቀን ወድቆ ከአንገቱ በታች ትከሻውን የሚይዘው አጥንት ተሰበረና አንድ ዓመት ጨመረ። ያ ዓመት ሙሉ ለዚያች አንዲት ቀን ተሠራ። የሚመራው ረዳት ሚካኤል ሞርኮቭ መጣለት። ከቱር በፊት በዓመቱ ያሸነፈው ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ አንዱ ኮሎምቢያ፣ አንዱ ሃንጋሪ። ቱሩ ከፍሎረንስ ሲነሳ የመጀመሪያው ቀን ሙቀትና ዳገት ነበር፤ ካቬንዲሽ ገና በጊዜ ወደ ኋላ ቀረ፣ ብስክሌቱ ላይ ሆኖ አስመለሰ፣ የቡድን ጓደኞቹ ከበውት እየጎተቱ ከአሸናፊው ወደ 40 ደቂቃ ገደማ ዘግይተው ከተፈቀደው ሰዓት ሳያልፉ አስገቡት። ያን ቀን ሌላ ግብ ቢኖረው ኖሮ ሁሉም ነገር ፈርሶ ነበር። እሱ ግን የደረጃ ነገር አያሳስበውም፣ መግባት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሐምሌ 3 ቀን 2024 ሴን ቩልባ ላይ 35ኛዋን አገኘ። 39 ዓመቱ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ትዕግሥት ቡድን ያስፈልጋል፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

የአንድ ቀን ውድድር ለአንጋፋ በጣም ይመቻል። ምክንያቱም ማገገም ላይ ያለው ድክመት ብዙም አይጎዳውም፤ ዛሬ ይሞታል፣ ነገ ይተኛል። ከ6 ሰዓት በላይ በሚፈጅ ረጅም ሩጫ ደግሞ የዓመታት ጽናት ይጠቅማል። ፊሊፕ ዢልቤር በ2019 ፓሪስ ሩቤን፣ የፈረንሳዩን የድንጋይ ንጣፍ ውድድር፣ ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። አነሚክ ፋን ፍሉተን በ2022 አውስትራሊያ ውስጥ ዎሎንጎንግ ላይ በ39 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ከጥቂት ቀን በፊት ወድቃ ክርኗ ተሰብሮ ነበር። እና ስፔናዊው አሌሃንድሮ ቫልቬርዴ። ከዚያ በፊት በዓለም ሻምፒዮና ስድስት ሜዳሊያ ነበረው፣ ሁሉም ብርና ነሐስ። በ2018 ሻምፒዮናው ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ ሲሆን መንገዱ ተራራ የበዛበት፣ 258 ኪሎ ሜትር፣ መጨረሻው ቀጥ ያለ ዳገት ያለበት ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ በየዓመቱ አይመጣም። ቩኤልታን በደንብ ጋልቦ፣ መጨረሻ ላይ ደክሞት ወደ 5ኛ ቢወርድም አልተሰበረም፤ በሁለተኛው ሳምንት ኢንስብሩክ ላይ አራት ሆነው ገብተው በመጨረሻው ሩጫ ቀደማቸው። 38 ዓመቱ ነበር፣ አለቀሰ። ከሱ የምንወስደው መንገዱን ማንበብ ነው። የሻምፒዮናው መንገድ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለሰውነትህ የሚሆነው ዓመት ሲመጣ እሱን ግብ አድርግ፣ ሜዳማ ሲሆን ቤትህ ቁጭ በል።

እስካሁን ጋላቢው ብቻውን የሚወስን አስመስዬ ጻፍኩ። አይደለም። ካሌንደሩን ቡድኑ ነው የሚያጸድቀው፣ ቡድኑ ደግሞ ስፖንሰር አለው፣ ነጥብም ያስፈልገዋል። በትልቁ ሊግ ያሉት 18 ቡድኖች በሦስት ዓመት ነጥብ ድምር ይመዘናሉ፣ ከታች የቀረ ይወርዳል። በ2022 መጨረሻ ሎቶ ሱዳልና እስራኤል ፕሪሚየር ቴክ ወረዱ። በዚያ ጊዜ የነበረው ስሌት ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ቱር ላይ አንድ ቀን ያሸነፈ 120 ነጥብ ሲያገኝ፣ ማንም የማያውቀውን ትንሽ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ 125 ያገኝ ነበር። በ2023 ተስተካክሎ የቱሩ 210 ሆኗል። ቫልቬርዴ ጫማውን ሊሰቅል ወራት ሲቀሩት በ2022 መኸር ነጥብ ሲያሳድድ የነበረው ቡድኑ ሞቪስታር መውረድ አፋፍ ላይ ስለነበር ነው። ቡድን እንዲህ ሲጨነቅ የአንጋፋው የግል ህልም ሁለተኛ ይሆናል፣ መሆንም ያለበት ይመስለኛል፤ ሃምሳ ሰው ደሞዝ የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ለአብዛኛው ጋላቢ ደግሞ ምርጫው ከነጭራሹ የሱ አይደለም። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ዴ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከዚያ በኋላ በትልልቅ ቡድኖች ውስጥ ለዓመታት የቆየው ለሌሎች ውሃ እያመላለሰ፣ ነፋስ እየቆረጠ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግቡ መሪው ያለበት ነው። ግን እሱም አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል፣ አንጋፋ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ይሰማል፦ ጸደይ ላይ አገልግያለሁ፣ መስከረም ላይ ያለችውን ያቺን ውድድር ለኔ ተዉልኝ። ይሄ ንግግር የሚደረገው በታኅሣሥ ካምፕ ላይ ነው። በሰኔ ቢነሳ ሰሚ የለውም።

እንግዲህ የ35 ዓመት ዋንጫ ፈላጊ ቢያማክረኝ የምጽፍለት ይሄን ነው። ግቡ ቩኤልታ። ጥርን ቤቱ ይለማመድ። የካቲት ላይ ያለውን የኤምሬትስ ዙር ይለፈው፤ ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ጥሩ ነው፣ ለሱ ግን አያስፈልገውም። መጋቢት ላይ ካታሎኒያን ይወዳደር፣ ለማሸነፍ ሳይጨነቅ። የባስክ አገሩን ዙር ይተወው፤ በ2024 በአንድ መታጠፊያ ላይ ቪንጌጋርድም፣ ኤቨኔፑልም፣ ሮግሊችም አብረው የወደቁበት ነው፣ ቁልቁለቱ ለዚህ ዕድሜ ዋጋው አይከፈልም። የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ያለበትን ሁሉ ይተው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይረፍ፣ እውነተኛ እረፍት፣ ብስክሌቱ ጋራዥ ይቀመጥ። ግንቦት ከፍታ ላይ። ሰኔ ላይ የፈረንሳዩን ዶፊኔ (ከ2026 ጀምሮ ቱር ኦቨርኝ ሮን አልፕ የሚባለውን) ወይም የስዊስን ዙር፣ አንዱን፣ ይሄን ግን ለማሸነፍ ይሂድ፤ አጭር ነው፣ ቡድኑም ነጥብና ፎቶ ይፈልጋል። ሐምሌን ዳግም ከፍታ ላይ ያሳልፍ፣ ቱሩን በቴሌቪዥን ይይ። ይሄ ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ ስፔን ውስጥ የቡርጎስ ዙር፣ ከዚያ ቩኤልታ። ከቩኤልታ በኋላ እግር ከተረፈው የጣሊያኖቹ የመኸር የአንድ ቀን ውድድሮች አሉ፤ ሮግሊች ጂሮ ዴል ኤሚሊያን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው እንዲህ በተረፈ ፎርም ነው።

አንድ ነገር ይጨምርበት፤ ለሚፈርስ ዕቅድ የሚሆን ክፍት ቦታ። ማቲው ሄይማን በ2016 ከፓሪስ ሩቤ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ክንዱ ተሰበረ። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በሚሽከረከር ብስክሌት ሲለማመድ ከርሞ ሄደ፣ በ37 ዓመቱ አሸነፈ። የዓመቱን ሌላ ግብ ሁሉ ቢከመርበት ኖሮ ወደዚያች አንዲት ቀን መመለስ አይችልም ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ አሰልጣኙና ጋላቢው ቁጭ ብለው ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዛሬ ብትወድቅ ከዚህ ዓመት ምን ይተርፍሃል? መልሱ ምንም ከሆነ ካሌንደሩ ላይ ያለ አንድ ውድድር መሰረዝ አለበት፣ ያውም በዚያው ሳምንት።